ያለ ማሻአላህ የተቆጠሩ ወፎች

ዙለይሃ ወፍ ትቆጥራለች የሚለውን ወሬ የሐይቅ ከተማ ሰው መጀመሪያ የተቀበለው እንደ ጨዋታ ነበር። ጨዋታው የቀረው በነጻ እንደምትቆጥር ሲታወቅ ነው። ሰው እንዲህ ነው፤ እብደትን ይቅር ይላል፣ አበል የሌለው ሥራ ሲያይ ግን እንቅልፍ ያጣል። አንዱ "ፈረንጅ በዶላር ይከፍላታል" አለ። ሌላው "የለም፣ ጅዳ ጂን ሰፍሮባት ነው የመጣችው" አለ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ብቅ እያደረጉ "እቴ፣ ዛሬስ ስንት ገባ?" ይሏት ነበር። እሷም አብራቸው ትስቅ ነበር። ያኔ ገና መሳቅ ትችል ነበር።

ከጅዳ የተመለሰችው ወጣትነቷን እዚያው በሰው ቤት ወለል ላይ ወልውላ ጨርሳ ነው። የአባቷ ቤት ቆርቆሮ የሷ ላብ ነው፤ የወንድሟ የሐቢብ ሠርግም የሷ ላብ ነው፤ ሐቢብ ራሱ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታናሿ ነው። ስትመለስ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ፤ እንባውም የእውነት ነበር። ከዚያ በሐይቁ በኩል ያለችውን ትንሿን ክፍል ከፍቶ "ለጊዜው እዚህ ሁኚ፣ እትዬ" አላት። ያቺ "ለጊዜው" እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ወደ ባሏ እንዳትሄድ፣ ባሏ ገና ጅዳ ሳለች በስልክ ፈቷታል። ልጅ የላትም። የእድሜ እኩዮቿ ወይ ዓረብ አገር ናቸው፣ ወይ አያት ሆነዋል። ስትሄድ እንደተወችው የጠበቃት ነገር ቢኖር በመስኮቷ የሚታየው የሐይቁ ዳር ደንገል ነበር።

እሱም ቢሆን እንደ ድሮው አልነበረም። ገበሬው ሁሉ በየደጁ ያለውን ደንገል እያጨደ፣ ረግረጉን እያደረቀ ሽንኩርትና ጫት ተክሎበታል። ሰፋ ብሎ የቀረው በነዙለይሃ ደጅ ያለው ብቻ ነው፤ እሱንም በደረቁ በኩል ያለውን ግማሽ ሐቢብ አምና አጭዶታል። የቀረውን ግማሽ ያዳነው ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ የውሃ ፓምፕ ስላልነበረው ነው። ፓምፑን ያገኘ ዕለት ራት ላይ ስለ ሽንኩርት ብቻ ሲያወራ አመሸ። ዙለይሃ እንጀራዋን አላመጠች። ምን ልትል? ቤቱ የሱ፣ ሚስቱ የሱ፣ ደጁ የሱ።

በዚያው ሰሞን ነው እናትነሽ የምትባል ሴት ከደሴ የመጣችው። ስለ ወፍ ከሚሠራ አንድ ማኅበር ተልካ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ሰበሰበች። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እናትነሽ "ሥራው በነጻ ነው" ስትል ትንሽ ጉርምርምታ ተሰማ፤ ሻይና ዳቦው ሲያልቅ ደግሞ ሰዉም አብሮ አለቀ። የቀሩት ጡረታ የወጡ ሁለት አስተማሪዎችና ዙለይሃ ነበሩ። እሷ የቀረችው እናትነሽ ስለተናገረችው አንድ ነገር ነው፦ ማኅበሩ ከቀበሌው ጋር ተስማምቷል፤ ወፎች በብዛት እንደሚፈለፍሉበት በቆጠራ የተረጋገጠ ደንገል አይነካም። ዙለይሃ እጇን አወጣች። "በወንድሜ ደጅ ያለውም?" ብላ ጠየቀች። "በማንም ደጅ ያለው" አለች እናትነሽ።

ለልምምድ ከአዳራሹ ወጥተው ቁጥቋጦ አጠገብ ዝም ብለው ቆሙ። ከውስጥ አንድ ወፍ እንደ ደወል የጠራ ድምፅ አሰማ። "ስንት ናቸው?" አለች እናትነሽ። ሦስቱም አንድ ነው አሉ። "ሁለት ናቸው" አለች። "ወንዱ ይጀምርና ሴቷ ትጨርሳለች። መሃል ላይ ትንፋሽ የምታህል ክፍተት ስለሌለ አንድ ይመስላችኋል።" ዙለይሃ ድጋሚ ሰማች፤ እውነት ነው፣ መጨረሻዋ ድምፅ ከሌላ ቅርንጫፍ ነበር የምትመጣው። በስልክ የተፈታች ሴት ናትና፣ አንዱ የጀመረውን ሌላው የሚጨርስለት ፍጥረት በሰፈሯ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲኖር አለማወቋ ገረማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ልቧ ውስጥ ገባ።

ጆሮ ደግሞ ነበራት። ጅዳ ያሠሯት ሰዎች ያስተኟት ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ መስተዋቱ ብርሃን በማያሳልፍ ወረቀት የተለጠፈ መስኮት ባለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ዓይኗን ሲቆልፉባት ጆሮዋን ረሱት። እመቤቲቱ በምን ስሜት ላይ እንዳለች በነጠላ ጫማዋ አካሄድ ታውቅ ነበር፤ ከመስኮቱ ውጭ ባለው የአየር ማቀዝቀዣ ሣጥን ላይ ጎጆ የሠሩት እርግቦች እንቁላል መጣላቸውን በድምፃቸው ለውጥ ታውቅ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ከእጇ ወጥቶ የቀራት ሀብት ይኸው ነው፤ እሱን ደግሞ ጉምሩክ አይፈትሸውም።

እናትነሽ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር ሰጥታት ነበር። በማግስቱ የቀበሌው ሚሊሻ ሐይቁ ዳር አገኛት። "ምንድነው የምታይው?" አላት። ወፍ አለችው። ጦርነቱ በዚህ መንገድ ካለፈ ወዲህ በመነጽር የሚያይ ሰው ወፍ እያየ ነው ብሎ የሚያምን የለም። መነጽሩን "እስኪጣራ" ብሎ ወሰደው፤ ይኸው እስካሁን እየተጣራ ነው። ስለዚህ በቅርብ ያለውን በዓይኗ፣ ደንገሉ ውስጥ ያለውን በጆሮዋ ትቆጥር ጀመር። ሱብሒ ሰግዳ ትወጣለች። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ዝም ካለ በኋላ የእስጢፋኖስ ገዳም ደወል እስኪጀምር ድረስ ባለችው ፋታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አንድ የሚዘምር ወንድ ካለ አንድ ጎጆ አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ነው የተማረችው። ቢጫዎቹ ወፎች ጎጇቸውን ደንገሉ ላይ አንጠልጥለው ይንጫጫሉ። ውሃ ውስጥ እየጠለቀች የምትጠፋው፣ ሰፈሩ "ሳቂቷ" የሚላት ትንሿ ዳክዬ መሳይ ደግሞ ጎጆዋን ውሃ ላይ ታንሳፍፋለች፤ አትታይም፣ ግን እንደሚስቅ ሰው ስትንከተከት ትሰማለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በነዙለይሃ አገር ነፍስ ያለው ነገር አይቆጠርም። ከብትህ ስንት ነው ብትሉት "አልሐምዱሊላህ፣ በረታችን ባዶ አይደለም" ይላችኋል። ልጆችሽ ስንት ናቸው ብትሏት "አላህ የሰጠኝን ያህል" ብላ ወደ ሌላ ወሬ ትሻገራለች። ቁጥር በረካ ያስነሣል፣ ዓይን ይጥላል ይባላል። የግድ መቁጠር ካለ ማሻአላህ መቅደም አለበት፤ እንደ ምግብ ቢስሚላህ። ዙለይሃ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ለእያንዳንዱ ወፍ በለሆሳስ ማሻአላህ ትል ነበር። ያን ስታደርግ የሰማት ሰው አልነበረም። መስማት ያለበት አላህ ነው ብላ፣ ሰው እንዲሰማላት አልተጨነቀችም።

ነሐሴ ላይ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አጀንዳው ብዙ ነበር፤ ማዳበሪያ ነበረ፣ መንገድ ነበረ፣ የደንገሉ ነገር ግን የመጨረሻው ነበር። ዙለይሃ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ተራው ሲደርስ ሐቢብ ተነሥቶ ስለ ሽንኩርት ተናገረ፤ ሽንኩርት ሕዝብ ይመግባል፣ ወፍ ማንን መግቦ ያውቃል አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ "እቴ ዙለይሃ፣ የኔንም ዶሮዎች ቁጠሪልኝ እስቲ!" ብሎ ጮኸ። ይህን ሁሉ ችላ ነበር። ያልቻለችው ሐቢብ ሰዉን ዝም ለማሰኘት ብሎ የተናገረውን ነው።

"አቦ ተዉኣት" አለ። "እትዬ እኮ ደክሟት ነው የመጣችው። ብዙ አትያዙባት።"

በሕዝብ ፊት፣ በለስላሳ ድምፅ፣ ጤነኛ አይደለችም አላት። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ። ሊቀ መንበሩ እስኪፈቅድላት ሳትጠብቅ ተነሣች።

"በአባቴ ደጅ ባለው ደንገል ውስጥ" አለች፣ "አንድ መቶ አርባ ሁለት ጎጆ አለ። በጆሮዬ ሰምቼ፣ በዓይኔ አይቼ ቆጥሬያለሁ። የማያምን ነገ ጠዋት ይምጣና ይስማ።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ቁጥሩ አልነበረም ጸጥ ያሰኘው። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሸህ አብዱልጀባር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዱዓ የሚያስደርጋቸው ሽማግሌ፣ ወደሷ ዞረው በአባት ድምፅ "ልጄ፣ ማሻአላህ በይ" አሏት።

ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ያቺን ቃል በየማለዳው ስታነበንብ ኖራለች፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ናት። ግን ሲስቁባት ቆይተዋል፣ ወንድሟ አሳብዷታል፣ አሁን ደግሞ እንደ ሕፃን ቃል ሊያስደግሟት ነው። እልህ ያዛት።

"ሸህ፣ ማሻአላህ ብልም ባልልም ቁጥሩ ያው ነው" አለች።

"አስተግፊሩላህ" የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ተሰማ። አንዲት ሴት የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። ዙለይሃ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ልትመልሰው ፈለገች፤ ግን የቆመችበት ቦታ የሚያስመልስ አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገና ስምምነቱ ስምምነት ነው አለ፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ደንገሉ አይነካም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ማኅበሩ ያያል ተባለ። አሸነፈች ማለት ነው። ስትወጣ መንገድ ለቀቁላት፤ ማንም እንኳን ደስ አለሽ አላላትም።

ቤት ስትደርስ የሐቢብ ሚስት መስኡዳ ዶሮዎቿን ስትመግብ አገኘቻት። መስኡዳ ክፉ ሴት አይደለችም። ዙለይሃን እንደ አማቷ አንቱ እያለች ነው የምትጠራት፤ ሲያማት ቀድማ የምትነሣላት እሷ ናት። ያን ቀን ግን ወሬው ቀድሞ ደርሷል። "እትዬ፣ ይግቡ" አለችና ጫጩቶቹ ላይ እንቅብ ደፋችባቸው። በችኮላ፣ ዓይኗን ሳታነሣ። ስድብ ቢሆን ትመልስላት ነበር። ለእንቅብ ምን ይመለሳል?

ከዚያ ያን ክረምት ያልታየ ዝናብ መጣ። በአምባሰል በኩል ያለው ሰማይ ተደፋ ብል ይሻላል። ሌትም ቀንም ሳያባራ ዘንቦ፣ ከየዳገቱ የወረደው ጎርፍ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ዝናቡ ባቆመበት ማለዳ ዙለይሃ ሰግዳ ጨርሳ ጆሮዋን አቀናች። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ዝም አለ። ደንገሉም ዝም አለ። ሳታየው አወቀችው። ስትደርስ ውሃው ከደንገሉ ጫፍ ጥቂት ብቻ አስቀርቶ ውጦታል፤ የሳቂቷ ጎጆዎች ተበትነው እንቁላሎቹ ተንሳፍፈዋል፣ የቢጫዎቹም ጎጆዎች ውሃ ጠጥተው ሰጥመዋል። ጥቂት እናት ወፎች ይዞሩ ነበር። ዙለይሃ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ምክንያቱን ታውቃለች። ከፍ ያለው ደረቁ ደንገል አምና ባይታጨድ ወፎቹ እዚያ ነበር የሚሠሩት። መሸሻ ሲያጡ ነው ወደ ዝቅተኛው፣ ወደ ውሃው አፍ የወረዱት። ይህን ላገኘችው ሁሉ ተናገረች። ለሐቢብ ተናገረች፣ ለሊቀ መንበሩ ተናገረች፣ ወፍጮ ቤት ለተሰለፉ ሴቶች ተናገረች። ሰፈሩ ግን የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ዝናቡ ሳይጥል በፊት ጀምሮ ተዘጋጅቶ የቆየ ምክንያት ነው። ያለ ማሻአላህ ቆጠረቻቸው፣ አለቁ። አጭር ነው፣ ለማስታወስ ይቀላል፣ ደግሞ ማንም ማጭዱን እንዲያስቀምጥ አይጠይቅም።

ሐቢብ ውሃው በሸሸ ሳምንት ደንገሉን አጨደው። ወደ ቀበሌው ሮጣ ሄደች፤ "ወፍ ከሌለ ስምምነቱም የለም" አሏት። እናትነሽ ዘንድ ደወለች። እናትነሽ አዘነች፣ ከልቧ አዘነች፣ ከዚያ "ለዘንድሮው ዜሮ ብለሽ ላኪልኝ፣ በርቺ" አለችና ሌላ ሐይቅ ላይ ሌላ ሥልጠና ስላላት ስልኩን ዘጋች። ማጭዱ ሲሠራ ዙለይሃ መስኮቷን ዘግታ ተቀመጠች። ድምፁን ግን ሰማችው፤ ጆሮ አይዘጋም።

ወደ ሸህ አብዱልጀባርም ሄደች። ደጃቸው ላይ ተንበርክካ "አፉ ይበሉኝ" አለች።

"እኔ አፉ ብያለሁ፣ ልጄ" አሉ። "አላህ ጎርፍ ሲልክ ያንቺን ቃል አይጠብቅም። ደንገሉን ያጨዱት እነሱ ናቸው፣ አውቃለሁ።"

ዙለይሃ ቀና አለች። "እንግዲያው ጁምዓ ዕለት ይህንኑ ለሰዉ ይንገሩልኝ።"

ሸህ መቁጠሪያቸውን አንሸራተቱ። "ኢንሻአላህ" አሉ። ኢንሻአላህ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዙለይሃ የትኛው እንደሆነ ከድምፃቸው ለየችው። ጁምዓ መጣ፣ ጁምዓ ሄደ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም። ስታልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ ይጠራሉ። ገበያ ላይ ዶሮ ሻጮች ፊታቸውን ሳያዞሩ ዶሮዎቻቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን ከብት ነጂ ሰውዬ መንገድ ላይ ሲያያት ላሞቹን ገደል ለገደል ነድቶ ሸሻት። ባጃጅ ነጂዎቹ መሳለቃቸውን ተዉ፤ ያን ጊዜ ነው ሳቃቸውን የናፈቀችው። ሐቢብ አያናግራትም፣ አያባርራትምም። ምግቧን መስኡዳ ክፍሏ ድረስ ታመጣላታለች፤ ደግነት ይመስላል፣ ግን ማዕዱ ላይ ያሉት ልጆች እንዳይቆጠሩ ነው።

ጥቅምት ሲጋመስ ማሽላው አፈራ። ሐቢብ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ በታች በኩል የሚያርሰው ማሽላ ያን ዓመት ያማረ ነበር፤ ሽንኩርቱን ጎርፉ የጣለው ደለል ስላበላሸበት ተስፋው ሁሉ እሱ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ግሪሳ ወረደ። ግሪሳን ያላየ ሰው ወፍ ብሎ ያስበዋል፤ ግሪሳ ወፍ ሳይሆን ጢስ ነው፣ ተነሥቶ ማሽላ ላይ ሲያርፍ እርሻው ይጎብጣል። ሰዉ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ወነጨፈ፣ ቆርቆሮ ደበደበ፣ ኡኡ አለ። መድኃኒት ይረጫል የተባለው አውሮፕላን ዛሬ ነገ እየተባለ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሐቢብ የዙለይሃን ክፍል አንኳኳ። ደንገሉን ካጨደ ወዲህ ደፏን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። ድምፁ ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ ጣራው ያፈሳል ወይ አላት፣ እግሩን እያየ ብዙ ዙሪያ ጥምጥም ሄደ።

"ማሽላው አለቀ፣ እትዬ" አለ በመጨረሻ። "ሰዎቹ ደግሞ የሚሉት ነገር አለ።"

"ምን አሉ?"

"ብትቆጥሪያቸው ነው የሚሉት።"

ሳቅ አመለጣት። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀችው ሳቅ ነበር፤ ከዚያ የወንድሟን ፊት አየችና ሳቁ ደረቀ። እየቀለደ አልነበረም።

"አንተም ታምናለህ?"

"እኔ እንጃ። ልጆች አሉኝ፣ እትዬ። ሌላ ምን ልያዝ?" ጠጋ አላት። "ግን አደራ፣ ያቺን ቃል እንዳትያት።"

"የትኛዋን?"

"ታውቂያታለሽ።"

"አላውቃትም። በላት።"

ሐቢብ ጢሙን እያሻሸ ወደ በሩ አየ፣ ማንም እንደማይሰማው ሲያረጋግጥ "ማሻአላህን" አለ፤ ወዲያው "አስተግፊሩላህ" ብሎ ፊቱን በመዳፉ አበሰ። "ይኼ ነገር ከተሳካ የሰዉም አፍ ይዘጋል። ክፍሏም እስከ ዕለተ ሞትሽ ያንቺ ናት። ወላሂ፣ ማንም አያነሣሽም። ካልሆነ ግን እኔም ሰዉን አልችለውም። ለምን አስቀመጥካት እያሉኝ ነው።"

የአባቷ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው የሷ ነው። ሌላ የምትሄድበት የለም። ነጠላዋን አነሣችና ተከተለችው።

እርሻው ዳር ሰዉ ቆሞ ነበር። ስትመጣ ሲያዩአት ጀርባቸውን ሰጧት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሶላት ላይ እንደሚዞር ጀማዓ። እንዳትቆጥራቸው ነው። በጎ ፈቃደኛ ብለው ከሳቁባት ሰዎች አንድም የቀረ አልነበረም፤ ዛሬ እየለመኗት ነው፣ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚለምኗት። ዙለይሃ ማሽላው አፍ ላይ ቆመች። የተማረችውን አስታወሰች፤ መንጋ ሲሆን ትንሿን ክፍል ቁጠሪ፣ ከዚያ በእሷ ልክ እየለካሽ አባዢ። ጮክ ብላ ጀመረች። አሥር፣ ሃያ፣ መቶ፣ ሁለት መቶ።

ቁጥሩ ሺህ ሲገባ ያልጠበቀችው ነገር መጣባት። ይሙቱ፣ አለች በልቧ። መጀመሪያ ክፍሏን አስባ ነው፤ ሞተው ቢያድሩ በሰላም ተኝታ ታድራለች። ቁጥሩ እየጨመረ ሲሄድ ግን ክፍሏም ተረሳች። ይሙቱ። እነዚህ በልተው ሲጠግቡ እነዚያ እንቁላላቸው ላይ እንዳሉ ሰጠሙ፤ ይሙቱ። ያ ጅዳ ያለው ወለል፣ ያ ስልክ፣ ያ እንቅብ፣ ሁሉም ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ቁጥሩ ውስጥ ገባ። ድምፅዋ ከፍ አለ። ዓይኗ ከማሽላው ተነሥቶ ወደ ቆሙት ጀርባዎች ሲዞርና፣ ምላሷ እነሱንም አንድ፣ ሁለት ብላ ስትጀምር ራሷን ያዘች። ዓይኗን ወደ ማሽላው መለሰች። ባለፈው ክረምት አንድም ወፍ ክፉ ተመኝታበት አታውቅም፤ ዛሬ ግን የሚያወሩባት ነገር እውነት እንዲሆን ከልቧ፣ ከአንጀቷ ለመነች።

ግሪሳው ተነሣ። ሰዉ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ወፉ ሰማይ ላይ አንዴ ዞረና በቀኝ በኩል ያለው ማሽላ ላይ መልሶ አረፈ። ጀምበር እስክታዘቀዝቅ በላ። ሰዉም አንድ ባንድ ሹልክ እያለ ሄደ፤ የሰደባት የለም፣ ደህና እደሪ ያላትም የለም።

ሐቢብ ከፊት ከፊት እየሄደ ወደ ቤት ተመለሱ። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ቆመ።

"ብለሻል" አላት።

"ምን ብያለሁ?"

"ማሻአላህ። በአፍሽ አላልሽም፤ በልብሽ ብለሻል። ወፍ ነውና አሳዘነሽ። የኔ ልጆች ሳያሳዝኑሽ ወፉ አሳዘነሽ።"

ወላሂ አላልኩም ብትለው ያምናታል፤ እህቱ በውሸት እንደማትምል ከልጅነቱ ያውቃል። ክፍሏም ትቀርላታለች። አፏን ከፈተች። ግን መሐላው እውነት የሚሆነው በልቧ የነበረውን ስላወቀች ነው፤ በልቧ የነበረውን ደግሞ ለዚህ ልጅ፣ በጀርባዋ ላዘለችው ልጅ፣ ጀርባውን ጭምር መቁጠር እንደጀመረች፣ መናገር አልቻለችም። እንኳን ለሱ ለራሷም ልትነግረው አልቻለችም። ባልሠራችው ደግነት ብትባረር ይሻላታል።

"አዎ" አለችው። "ብያለሁ።"

ሐቢብ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ክፍሏ ገባ፣ ፍራሿን ጠቅልሎ ይዞ ወጣ።